ራባዩ ቁርአን ውስጥ ምን ይፈልጋል? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ስጽፍ «አንድ ወጣት ራባይ ስለ ቁርአን ጽፎ ተሸለመ» ብዬ በአንድ መስመር አልፌው ነበር (ራባይ ማለት የአይሁድ የሃይማኖት መምህር ነው)፣ የዚህን ወር የጥያቄ ሳጥን የሞላችው ያቺ መስመር ናት። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ሁለቱን እየቀላቀልክ አደናገርከን ያላችሁኝ ስላላችሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሰላም ነው ወንድሜ? ያ ራባይ ማነው ለመሆኑ፣ ስሙን እንኳን አልነገርከንም እኮ። ደሞስ አይሁዳዊ ሆኖ ስለ ቁርአን መጻፍ ምን አስቦ ነው?

መልስ፦ አብርሃም ጋይገር ይባላል። 1810 ፍራንክፈርት ተወለደ፣ 1874 በርሊን ሞተ። ከሃይማኖተኛ ቤተሰብ ነው የመጣው፣ ታልሙድ (ትልቁ የአይሁድ የህግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ገና በልጅነቱ ነው ያስጠኑት፣ ከዛ ቦን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጌኦርግ ፍራይታግ የሚባል የታወቀ የአረብኛ ፕሮፌሰር ጋ አረብኛ ተማረ። ፋኩልቲው በ1832 የሽልማት ውድድር አወጣ፣ ጥያቄው ባጭሩ ከአይሁድ እምነት የመጡ የቁርአን ነገሮች የትኞቹ ናቸው የሚል ነው። ጋይገር በላቲን ጽፎ አሸነፈ፣ ከዛ ራሱ ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1833 በራሱ ወጪ አሳተመው፣ በዛው ስራ ከማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። 23 ዓመቱ ነበር በቃ።

ምን አስቦ ነው ላልከው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

በዛን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አታላይ ነው፣ ሆን ብሎ ህዝብ ያሳሳተ ሰው ነው የሚል ነበር፣ የተማሩ የሚባሉት ሳይቀሩ። ጋይገር ግን አይደለም አለ፣ ሰውየው በተልዕኮው ከልቡ ያመነ ነው፣ ህዝቡን ሊያሳስት አልተነሳም ብሎ ጻፈ። ዛሬ ስናነበው ቀላል ይመስላል፣ ያኔ ግን ቀላል አልነበረም። ሌላው ነገር ደሞ የክርስቲያን ፕሮፌሰሮቹ አረብኛ ያውቃሉ እንጂ ታልሙድና ሚድራሽ (የራባዮቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ) እንደሱ አያውቁም፣ ስለዚህ እሱ ከልጅነቱ ይዞት የመጣው እና ዩኒቨርሲቲው እንደ እውቀት የማይቆጥረው ትምህርት እዚህ ውድድር ላይ ድንገት ዋጋ አገኘ። አስታውስ፣ አይሁዳዊ እንደ አይሁዳዊነቱ ፕሮፌሰር መሆን አይችልም ነበር። ኤድዋርድ ጋንስ የሚባል ጎበዝ የህግ ሰው በርሊን ላይ ወንበሩን ያገኘው በ1825 ከተጠመቀ በኋላ ነው። ሰው ለስራ ሲል የሚጠመቅበት ዘመን ነው የምልህ።

ሶስተኛውና እኔ ዋናው ነው የምለው ግን በቤቱ ያለው ጸብ ነው። የጀርመን አይሁዶች በዛን ጊዜ ስለ አምልኮ ሥርዓት ለሁለት ተከፍለው ነበር። 1810 ዜሰን የሚባል ከተማ ላይ፣ 1818 ደሞ ሃምቡርግ ላይ፣ ኦርጋን የሚመታበት፣ ስብከቱ በጀርመንኛ የሆነ አዲስ ዓይነት ምኩራብ ተከፈተ። ነባሮቹ ይሄ ክርስቲያኖችን መምሰል ነው ብለው ተቆጡ። የፕሩሲያ (ያኔ በርሊንን የምትገዛው የጀርመን መንግስት) ንጉስ ሳይቀር ገባበት፣ በ1823 አይሁዶች በጸሎታቸው ላይ ምንም ዓይነት አዲስ ነገር እንዳይጨምሩ ብሎ ከለከለ (ንጉሱን ምን አገባው አትሉም? ያገባዋል፣ ሪፎርም የሚባል ቃል በየትኛውም ቤት ቢነሳ ነገስታት ደስ አይላቸውም)። ሊዮፖልድ ጹንዝ የሚባል ምሁር ታዲያ በ1832 ትልቅ መጽሐፍ አወጣና በምኩራብ ውስጥ ህዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መስበክ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፣ አዲስ አይደለም ብሎ በማስረጃ አሳየ። ገባህ? ታሪክ መጻፍ ራሱ ክርክር ነበር። ሃይማኖት ከዘመን ጋር ሁልጊዜም ሲለወጥ የኖረ ነው ብለህ ካሳየህ ዛሬ የሚለውጠውን ሰው መናፍቅ ልትለው አትችልም።

የጋይገር መጽሐፍ የወጣው ከዛ አንድ ዓመት በኋላ ነው። እኔ ሳነበው ስለ እስልምና ብቻ የሚያወራ አይመስለኝም። አንድ ሃይማኖት ከጎረቤቱ ወስዶ፣ ለራሱ በሚስማማ መልኩ ለውጦ ማደጉ ምንም ነውር የለውም እያለ ነው፣ እና ያንን የሚሰማው ማን እንዲሆን እንደፈለገ መገመት አይከብድም፣ የራሱ ወገኖች ናቸው።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ እሺ ለሌላው ሃይማኖት እንዲህ ክብር ያለው ሰው የራሱ ሰዎችስ እንዴት ተቀበሉት? ጸብ አልነበረም?

መልስ፦ ጸቡማ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። መጀመሪያ ቪስባደን ከተማ ላይ ራባይ ነበር፣ 1838 ትልቋ የብሬስላው ማህበረ ምእመናን (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችው ቭሮጽዋፍ ናት) ሁለተኛ ራባይና የሃይማኖት ዳኛ አድርጋ መረጠችው። እዛ ያለው ነባሩ ራባይ ሰሎሞን ቲክቲን ከዚህ ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥም አለ፣ ታልሙድን እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ የሚመረምር ሰው እንዴት ዳኛ ይሆናል ነው ነገሩ። ተቃዋሚዎቹ ጉዳዩን መንግስት ጋ ሁሉ ወሰዱት፣ ጋይገር የፕሩሲያ ዜግነት እስኪያገኝ ከዓመት በላይ ጠብቆ ስራ የጀመረው በ1840 ነው። ቲክቲን በ1843 ሞተ፣ ጸቡ ግን አልሞተም፣ መጨረሻ ላይ ማህበሩ ሳይፈርስ ሁለቱም ወገን የየራሱን ራባይ ይዞ እንዲኖር ተስማሙ፣ የነባሮቹ ራባይ ደሞ የቲክቲን ልጅ ሆነ።

እኔን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳዝነኝ የሳምሶን ራፋኤል ሂርሽ ነገር ነው። ሂርሽ በኋላ የጀርመን ኦርቶዶክስ አይሁዶች ትልቁ መሪ የሆነው ሰውዬ ነው (እዚህ ጋ ኦርቶዶክስ ስል የኛን ቤተክርስቲያን እንዳይመስላችሁ፣ ሥርዓቱ አይነካ የሚሉትን አይሁዶች ነው)። ሁለቱ ቦን ላይ አብረው ተማሪ ነበሩ፣ ስብከት የሚለማመዱበት የተማሪዎች ማህበር አብረው ያቋቋሙ ጓደኛሞች። በኋላ ሂርሽ መጽሐፉን በ1836 ሲያወጣ ጋይገር በራሱ መጽሔት ላይ ክፉኛ ተቸው፣ ጓደኝነቱም በዛው አለቀ። ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ሲጽፍ የነበረው ትዕግስት ለሂርሽ አልተረፈም። ሩቅ ላለ ሰው ደግ መሆን ይቀላል መሰለኝ።

ደሞ ሪፎርመር ሲባል ሁሉንም ነቅሎ የጣለ አይምሰላችሁ። በ1844፣ 1845 እና 1846 ብራውንሽቫይግ፣ ፍራንክፈርትና ብሬስላው ላይ የራባዮች ኮንፈረንስ ተደርጎ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ጸሎት የግድ በዕብራይስጥ መሆን አለበት ወይ የሚል ክርክር ተነሳና ጋይገር የጀርመንኛ ጸሎት ነው ውስጤን የሚነካው ብሎ ተናገረ፣ ዘካርያስ ፍራንክል የሚባል ሌላ ራባይ በዚህ ተናዶ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ግን ጋይገር ራሱ በ1854 የጸሎት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ አብዛኛውን በዕብራይስጥ ነው የተወው። ያወጣው ስለ መስዋዕትና ወደ ጽዮን ስለመመለስ የሚሉትን ነው። በርሊን ላይ አንዳንዶች ሰንበትን ወደ እሁድ ሲያዞሩት እሱ አልተከተላቸውም። ፍራንክል ደሞ በዛው 1854 ብሬስላው ላይ የተከፈተው የራባዮች ኮሌጅ ሃላፊ ሆነ፣ ጋይገር ለዓመታት ሲወተውትበት የነበረው ኮሌጅ ነው፣ እሱን ግን አላስገቡትም። የራሱ ዓይነት ትምህርት ቤት በርሊን ላይ የተከፈተው በ1872 ነው፣ ሁለት ዓመት አስተምሮበት ሞተ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ አሰላሙ አለይኩም። ጽሁፍህን እወደዋለሁ ግን ይሄ ነገር አልተዋጠልኝም። ቁርአን ከአይሁድ የተቀዳ ነው የሚሉት ሰዎች መነሻቸው ይሄ መጽሐፍ አይደለም እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው ውይይት የሚባለው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ቅሬታህ ትክክል ነው፣ አላለሳልሰውም። የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ «ሙሐመድ ከአይሁድ እምነት ምን ወሰደ?» ነው የሚለው። አንድ ሙስሊም ሁለቱም ከአንድ አምላክ የመጡ ስለሆኑ ይመሳሰላሉ ብሎ የሚያምነውን ጋይገር ከጅምሩ አማራጭ አድርጎ አላቀረበውም፣ ወሰደ ብሎ ነው የተነሳው። ያከበረው ሰውየውን ነው፣ ወህዩን (ከአምላክ የወረደ ነው የሚባለውን መልዕክት) ግን አይደለም።

ነገር ግን ስራው ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ልንገርህ፣ ከዛ ፍርዱ ያንተ ነው። ሱረቱል ማኢዳ 32 ላይ አንዲትን ነፍስ የገደለ ሰውን ሁሉ እንደገደለ ነው የሚለውን ታውቀዋለህ። ጋይገር ይሄንን ከሚሽና (የታልሙድ መሰረት ከሆነው የህግ መጽሐፍ) አጠገብ አስቀመጠው፣ ሳንሄድሪን ከሚባለው ክፍል፣ እዛም የቃየልና የአቤል ታሪክ ተነስቶ ያው ሃሳብ ይመጣል። እዚህ ላይ ልብ በል፣ አያው (የቁርአኑ አንቀጽ) ራሱ «በእስራኤል ልጆች ላይ ጻፍን» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቁርአን የደበቀው ነገር የለም፣ ለነሱ የተሰጠ ህግ ነው እያለ ነው የሚጠቅሰው። ስለዚህ ይሄን ምሳሌ እንደ ሌብነት ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው አያውን ከመጀመሪያው አላነበበም ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ ደሞ ጋይገርን የሚጎዳ ነው። ከዛው አያ ከፍ ብሎ ቁራ መሬት እየጫረ አስከሬን እንዴት እንደሚቀበር ያሳየበት ታሪክ አለ። ጋይገር ተመሳሳዩን ፒርቄ ደራቢ ኤሊዔዘር በሚባል የአይሁድ መጽሐፍ ውስጥ አገኘና ምንጩ ይሄ ነው አለ። በኋላ ግን ምሁራን ያ መጽሐፍ የተዘጋጀው በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ ከእስልምና በኋላ እንደሆነ አሳዩ። ታዲያ ማን ከማን ሰማ? ምናልባት ሁለቱም በአካባቢው ይነገር ከነበረ አንድ ታሪክ። ጋይገር በክልሉ የነበሩትን የሶርያ ክርስቲያኖች ጽሁፎች ከቁጥር አላስገባም፣ እነሱ ሲጨመሩ ሥዕሉ በጣም ነው የተወሳሰበው።

አንተ ያልከው ጸረ እስልምና አጠቃቀም የመጣው ደሞ በኋላ ነው። መጽሐፉ በ1898 ማድራስ፣ ህንድ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ፣ የተረጎመችው ለዴልሂ ሚሽን ድጋፍ የሚያሰባስብ የሴቶች ማህበር አባል ናት፣ ሚሽነሪዎች ከሙስሊሞች ጋር ሲከራከሩ እንዲጠቅማቸው። አስበው እስቲ፣ የራሱን ህዝብ ለማጥመቅ የሚሯሯጡትን ሚሽነሪዎች ሲሸሽ የኖረ ራባይ መጽሐፉ እነሱ እጅ ገብቶ ሌላ ህዝብ ላይ መሳሪያ ሆነ፣ እሱ ግን ከሞተ ሃያ አራት ዓመት አልፎት ነበር።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ሰውየው ጌታችንን ፈሪሳዊ ነበር ብሏል የሚል ሰምቼ ደነገጥኩ። ወንጌል ላይ እኮ ፈሪሳውያንን «ወዮላችሁ» ነው ያላቸው!

መልስ፦ ብሏል እህቴ። እምነትሽን ለመንካት አይደለም የምጽፈው፣ እሱ ያለውንና ለምን እንዳለው ብቻ ልንገርሽ።

በ1857 ባወጣው ትልቁ መጽሐፉ ላይ ጋይገር ሰዱቃውያንና ፈሪሳውያን እነማን ነበሩ የሚለውን ገለበጠው። ሰዱቃውያን የቤተ መቅደሱ ካህናት ዘሮች፣ ባለስልጣኖች፣ ያለውን አጥብቀው የያዙ ናቸው አለ። ፈሪሳውያን ደሞ የህዝብ ወገን ናቸው፣ የካህናት ብቻ የነበረውን ቅድስና ለተራው ሰው ያወረዱ፣ ህጉን ከኑሮ ጋር ያስታረቁ፣ በአጭሩ የዛን ዘመን ሪፎርመሮች። በአውሮፓ ቋንቋዎች ፈሪሳዊ ማለት ግብዝ ማለት ነው፣ በኛም ሰፈር ያው ነው፣ ስለዚህ ይሄ ራሱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። ቀጥሎ በ1864 በታተሙት ንግግሮቹ ኢየሱስ የገሊላ ፈሪሳዊ አይሁዳዊ ነው፣ ያስተማረውም ከነሱ የወጣ ነው አለ።

ለምን? የዛን ጊዜ የጀርመን ሊበራል ፕሮቴስታንቶች ስለ ኢየሱስ የሚነገረውን ዶግማ ትተን ኢየሱስ ራሱ ወደነበረው እምነት እንመለስ እያሉ ነበር፣ ዳቪድ ሽትራውስ በ1835፣ ኤርኔስት ረናን ፈረንሳይ ላይ በ1863 የኢየሱስን ህይወት እንደ ታሪክ ሰው የጻፉበት ዘመን ነው። እነዚሁ ሰዎች ታዲያ የአይሁድን እምነት የደረቀ፣ የሞተ ህግ አድርገው ነው የሚስሉት፣ ኢየሱስ እንዲያበራ ፈሪሳውያን መጥቆር ነበረባቸው። ጋይገር የመለሰላቸው መልስ ቀጥተኛ ነው፣ የኢየሱስን እምነት ከፈለጋችሁ እኮ እሱ የኛ እምነት ነው፣ ኑ ምኩራባችን ውስጥ አለ። በዚህ በኩል ደሞ ለራሱ ነባሮች ፈሪሳውያን አባቶቻችሁ ሪፎርመር ነበሩ እያለ ነው። በአንድ መጽሐፍ ሁለቱንም ወገን ነካ።

መልስ ከሰጡት አንዱ ፍራንዝ ዴሊች ነው፣ በ1866 ኢየሱስንና ሂለል የሚባለውን የአይሁድ መምህር እያነጻጸረ በረናንና በጋይገር ላይ ጻፈ። ዴሊች ለኔ የዛን ዘመን ግራ አጋቢው ሰው ነው። አይሁዶችን ክርስቲያን ማድረግ የህይወቱ ስራ ነበር፣ አዲስ ኪዳንን ወደ ዕብራይስጥ የተረጎመውም ለዛ ነው። ግን አውጉስት ሮሊንግ የሚባል ቄስ ታልሙድን እያጣመመ የጥላቻ መጽሐፍ ሲያሰራጭ ፊት ለፊት ወጥቶ ውሸታም ነው ብሎ ያጋለጠውም ይሄው ዴሊች ነው። ወዳጅ ነው ጠላት? አይሁዶቹም ራሳቸው በአንድ ቃል የሚመልሱት አይመስለኝም።

ብዙዎቹ ፕሮፌሰሮች ግን የጋይገርን መጽሐፍ አንብበው፣ የሚጠቅማቸውን ወስደው፣ እሱን እንደ እኩያ አላዩትም። እሱ የነሱን ሁሉ አንብቦ ነው የሚጽፈው፣ ከነሱ ውስጥ ታልሙድን ከፍቶ ያነበበ ስንት ነው ብለሽ ብትጠይቂ በጣት የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ (ከነታንያ፣ እስራኤል)፦ አያቶቼ ከጎንደር አካባቢ ናቸው። እነዚህ የአውሮፓ አይሁዳውያን ምሁራን ስለ ቤተ እስራኤል ያውቁ ነበር? ወይስ እኛ ከወሬው ውጪ ነበርን?

መልስ፦ በሁለት መንገድ ነው የገባችሁት፣ አንዱ በሰው አንዱ በመጽሐፍ።

በሰው በኩል፣ ቤተ እስራኤል መንደር ቀድመው የደረሱት ሚሽነሪዎች ናቸው። ሄንሪ ስተርን በ1860 መጣ፣ ጀርመን የተወለደ አይሁዳዊ ሆኖ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነው፣ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ ያሰሩት። ይሄ ወሬ አውሮፓ ሲደርስ በ1864 «ወንድሞቻችንን ዝም ብለን እናያለን ወይ» ብሎ ጥሪ ያወጣው ማን መሰለህ? ጋይገር አይደለም፣ ከሪፎርመሮቹም ማንም አይደለም። ራባይ ኤዝሪኤል ሂልደስሃይመር ነው፣ ያውም የታወቀ ኦርቶዶክስ። ሪፎርመሮቹ ስለ ሃይማኖቶች ሁሉ ወንድማማችነት በሚያምር ቋንቋ ሲጽፉ የራሳቸው ሃይማኖት ያለው ጥቁር ህዝብ እርዳታ ሲፈልግ ቀድሞ የጮኸው ሥርዓት አጥባቂው ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ከዛ ፓሪስ ያለው አሊያንስ የሚባለው የአይሁድ ድርጅት ጆሴፍ ሃሌቪን ላከ። ኤዲርኔ (ቱርክ) የተወለደ፣ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ነው፣ በ1867 መጥቶ በሰሜን ምዕራብ ቤተ እስራኤል ያሉበት መንደር ደረሰ። እኔም አይሁዳዊ ነኝ ሲላቸው አላመኑትም፣ ነጭ አይሁዳዊ አለ እንዴ፣ ያው ከሚሽነሪዎቹ አንዱ ነው ብለው ጠረጠሩት። ሃሌቪ ራሱ እንደጻፈው ጥርጣሬው የተሰበረው ኢየሩሳሌም የሚለውን ስም ሲያነሳ ነው። ሲመለስ የግዕዝ ጸሎቶቻችሁን ይዞ ሄዶ በ1877 አሳተማቸው። አሊያንሱ ግን ሪፖርቱን ተቀብሎ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፣ የሃሌቪ ተማሪ የነበረው ዣክ ፋይትሎቪች ጎንደር የመጣው በ1904 ነው፣ አንድ ትውልድ ሙሉ ካለፈ በኋላ።

በመጽሐፍ በኩል ያለው ለኔ ይበልጥ ይገርማል። መጽሐፈ ኩፋሌን ታውቀዋለህ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስም በቤተ እስራኤልም ዘንድ ያለ ነው። አይሁዶች በዕብራይስጥ የነበረውን አጥተውታል፣ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ነው የተረፈው። እዚህ አገር የነበረው ሚሽነሪ ክራፕፍ የላከው ቅጂ ቱቢንገን የምትባል የጀርመን ከተማ ደረሰ፣ አውጉስት ዲልማን ከዛ ላይ በ1850 እና 51 ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ አወጣው፣ የግዕዙንም ጽሁፍ በ1859 አሳተመ። እና ምን ሆነ፣ ከላይ የነገርኳችሁ የአይሁድ ምሁራን ተሻሙበት! አዶልፍ የሊኔክ የሚባለው በ1855 የጻፉት ኤሴናውያን (ለብቻቸው ተለይተው የሚኖሩ ጥንታዊ የአይሁድ ወገን) ናቸው አለ፣ ቤር በ1856 ወደ ሳምራውያን አስጠጋው፣ ኮንፈረንሱን ጥሎ የወጣው ፍራንክል ደሞ በዛው ዓመት ግብጽ የነበረ ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁዳዊ ነው አለ። ክርክሩ ለምን እንዲህ እንደጋለ ግልጽ ነው፣ ኩፋሌ 364 ቀን ያለው ዓመት ነው የሚቆጥረው፣ ከራባዮቹ የጨረቃ አቆጣጠር የተለየ። ስለዚህ በጥንት ጊዜ የአይሁድ ሃይማኖት አንድ ወጥ አልነበረም፣ በዓል የሚከበርበት ቀን እንኳን ያከራክር ነበር ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ለውጥ ኃጢአት ነው አይደለም በሚለው የቤት ጸብ ላይ ቀጥታ ይገባል። ከ1947 ጀምሮ ሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የኩምራን ዋሻዎች የኩፋሌ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ሲገኙ መጽሐፉ በመሰረቱ ዕብራይስጥ እንደነበር ተረጋገጠ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ዲልማን ግዕዙን ያጠናው ለንደን፣ ኦክስፎርድና ፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ባሉ ብራናዎች ነው። ኩፋሌን በቃላቸው የሚያውቁት መምህራን እዚህ ነበሩ፣ የቤተ እስራኤል ቄሶችና መነኮሳትም ነበሩ፣ በርሊንና ብሬስላው ላይ በዛ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንዳቸው ምን እንዳሉ የሚል አንድ መስመር አታገኝም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ሁልጊዜ ሌሎች ስለ ሙስሊሞች ሲጽፉ ነው የምትነግረን። ሙስሊሞቹስ መጽሐፍ ቅዱስን አላጠኑም?

መልስ፦ አጥንተዋል። ሰይድ አህመድ ኻን ህንድ ላይ ከ1862 ጀምሮ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ በኡርዱና በእንግሊዝኛ አሳተመ፣ በአይሁዳዊ ሰው እርዳታ ዕብራይስጥ ሁሉ ሞክሯል። ያኔ ህንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሱበት የ1857ቱ አመጽ ብዙም አልራቀም፣ እንግሊዞች ሙስሊሙን በሙሉ በጥርጣሬ የሚያዩበት ጊዜ ነው። ተህሪፍ የሚባለው (መጽሐፍ ቅዱስ ተለውጧል የሚለው ክስ) በዋናነት የትርጓሜ እንጂ የጽሁፉ መለወጥ አይደለም ብሎ ተከራከረ፣ ለዚህም ከራሱ ሰዎች ብዙ ስድብ ጠጣ። ግን የዋህ አይምሰልህ፣ ዊልያም ሙር የሚባል የእንግሊዝ ባለስልጣን በነቢዩ ላይ ሲጽፍ ሎንዶን ድረስ ሄዶ በ1870 መልስ አሳትሟል። ኋላ አሊጋርህ ላይ በ1875 ኮሌጅ ከፈተ።

ግብጻዊው ሙሐመድ አብዱህም አለ፣ በስደት ቤይሩት በነበረበት ጊዜ አይዛክ ቴይለር ከሚባል የእንግሊዝ ቄስ ጋር ሃይማኖቶችን ስለማቀራረብ ተጻጽፏል። ቴይለር በ1887 በቤተክርስቲያን ጉባኤ ላይ እስልምና አፍሪካ ውስጥ ከኛ በተሻለ እየሰራ ነው ብሎ ተናግሮ ጉድ ያስባለ ሰው ነው።

ከሁሉ ግን እኔ የምወደው ኢግናጽ ጎልድዚኸርን ነው፣ ሙስሊም ባይሆንም እዚህ ይገባል። የሀንጋሪ አይሁዳዊ ነው፣ በ1873 እና 74 ደማስቆና ካይሮ ሄዶ አል አዝሀር ውስጥ ከሼኾቹ እግር ስር ቁጭ ብሎ የተማረ። እምነቱን ሳይቀይር። ማስታወሻው ላይ የአይሁድን እምነት እስልምና ወደደረሰበት የአእምሮ ደረጃ ከፍ ማድረግ እንደሚመኝ ጽፏል። ጋይገር እስልምናን ያወቀው ከመጽሐፍ ነው፣ ይሄ ግን ሰዎቹን አውቆ፣ ምግባቸውን በልቶ፣ ጁምአ ላይ አብሯቸው ሰግዶ ነው፣ ልዩነቱ ጽሁፉ ላይ ያስታውቃል። ለዛ ሁሉ እውቀቱ አገሩ የሰጠው ምን መሰለህ? ወደ ሰላሳ ዓመት ገደማ የፔሽት (የዛሬዋ ቡዳፔስት ክፍል) አይሁዶች ማህበር ጸሐፊ ሆኖ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖረ፣ ደመወዝ ያለው የፕሮፌሰር ወንበር ያገኘው ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ የሃይማኖቶች ውይይት የተጀመረው ቺካጎ 1893 ላይ ነው ይላሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ የተባለውን ማለትህ ነው፣ ትልቁ ስብሰባ እሱ ነው፣ ጅማሬው ግን አይደለም፣ ከላይ እንዳያችሁት። ከመስከረም 11 እስከ 27 የቆየ ነው፣ ሂንዱው ቪቬካናንዳ በአንድ ንግግር ዝነኛ የሆነበት። የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን መሪ የሆነው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ግን አልመጣም አለ፣ ክርስትና ብቸኛው ሃይማኖት ከሆነ ከሌሎች ጋር እኩል ጠረጴዛ ላይ እንዴት እቀመጣለሁ የሚል ደብዳቤ ጽፎ። የኦቶማኑ ሱልጣንም አልተባበረም፣ ስለዚህ ስለ እስልምና በዋናነት የተናገረው አሌክሳንደር ዌብ የሚባል የሰለመ አሜሪካዊ ነው። ውይይት ተባለ እንጂ ብዙው የተዘጋጀ ንግግር ማንበብ ነበር፣ አንዱ ያነባል፣ ይጨበጨባል፣ ቀጣዩ ይወጣል።

ጋይገርን ለምትከታተሉ ግን አንድ ነገር አለ። እዛ ከተናገሩት ራባዮች አንዱ ኤሚል ሂርሽ በርሊን ላይ ጋይገር ያስተማረበት ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ሌላው ካውፍማን ኮለር ደሞ መጀመሪያ የዛ የተጣላው ጓደኛው የሳምሶን ሂርሽ ተማሪ ነበር፣ በኋላ ወደ ጋይገር መንገድ ዞረ። ኮለር ቀድሞ በ1885 ፒትስበርግ ላይ የአሜሪካ ሪፎርም ራባዮችን ሰብስቦ ባወጡት መግለጫ ክርስትናና እስልምና የአይሁድ እምነት ልጆች ናቸው፣ የአንድ አምላክ እምነትን በዓለም ላይ በማሰራጨት የአምላክን ስራ ሰርተዋል ብለው ጻፉ። ልጆች የምትለዋን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደስ ብሎት እንደማይቀበላት የታወቀ ነው፣ ግን ከዛ በፊት የራባዮች ጉባኤ ስለ ሌላ ሃይማኖት እንዲህ ብሎ በጋራ የፈረመበት ወረቀት አሳዩኝ ብትሉኝ የለኝም።